የበረሃው አራዊትና የአገሩ ባለቤቶች

በአውስትራልያ መካከል፣ ከባሕር እጅግ ርቆ፣ አፈሩ እንደ በርበሬ የቀላ ሰፊ በረሃ አለ። በዚህም በረሃ ኡሉሩ የሚባል፣ ከሜዳው 348 ሜትር ከፍ ያለ ታላቅ አለት ቆሟል። አለቱን ለማየት ከዓለም ዙሪያ ብዙ መንገደኞች ይመጣሉ። እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ስለ አለቱ ሳይሆን፣ በዙሪያው ስላሉት አራዊትና እነርሱን ለመጠበቅ የአገሩ ባለቤቶችና የመንግሥት ሠራተኞች በአንድነት ስለሚሠሩት ሥራ ነው። ስለ አራዊት ጥበቃ በክፍል ስንከራከር አንዳንድ ጓደኞቼ «አራዊትን ለማዳን ሰውን ከቦታው ማራቅ ይበቃል» ሲሉ ሰምቻለሁ። የኡሉሩ ታሪክ ለዚህ አሳብ መልስ የሚሆን ይመስለኛል።

ከሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ባለቤቶች ማወቅ ይገባል። እነርሱም አናንጉ ይባላሉ። ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ በዚያ በረሃ እያደኑ፣ ሥራ ሥርና ፍሬ እየለቀሙ ኖረዋል። ሕጋቸው፣ እምነታቸውና ስለ አገራቸው ያላቸው ዕውቀት በአንድነት ጁኩርፓ ይባላል። ይህም በዜማና በታሪክ ከሽማግሌ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ውሃ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው እንስሳ በምን ወራት እንደሚወልድ፣ ሣር መቼ መቃጠል እንዳለበት ከዚሁ ይማራሉ።

ሣር ማቃጠል አራዊትን እንዴት ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። የዚያ በረሃ ሣር ስፒኒፌክስ ይባላል፤ ቅጠሉ እንደ መርፌ የሾለና ሙጫ ያለበት በመሆኑ በቶሎ ይነዳል። አናንጉዎች በብርዱ ወራት ትንንሽ ቦታ እየመረጡ ያቃጥሉ ነበር። በዚያ ወራት እሳቱ ብዙ አይበረታም፤ ቀድሞ ከተቃጠለ ቦታ ሲደርስም የሚበላው አጥቶ ይጠፋል። ከዚህ የተነሣ ምድሩ እንደ ተጣጣፈ ልብስ ይሆናል፤ በአንዱ ስፍራ አዲስ ለምለም ይበቅላል፣ በሌላው ያረጀ ሣር ይቆማል። ትንሹ እንስሳ ከለምለሙ ይመገባል፤ ጠላት ሲመጣበት ደግሞ ካረጀው ሣር ሥር ይሸሸጋል። ሁለቱንም በአጠገቡ ካላገኘ መኖር አይችልም።

በ1958 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) ኡሉሩና አካባቢው ለአገሬው ተወላጆች ከተከለለው መሬት ተቆርጦ ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን ተደረገ። አናንጉዎችም ከመንገደኞች ዐይን እንዲርቁ ይገፋፉ ጀመር። ሰዎቹ ሲርቁ የትንንሹ እሳት ልማድ አብሮ ቀረ። ከዚያም ብዙ ዝናብ የዘነበባቸው ዓመታት መጡ፤ ሣሩ በዛ፣ ኋላም ደረቀ። በ1976 የተነሣው ሰደድ እሳት ከፓርኩ ግማሽ የሚበልጠውን በላው። ሣሩ ሲያልቅ መሸሸጊያ ያጡትን ትንንሽ እንስሳት ከአውሮጳ ሰፋሪዎች ጋር የመጡት ድመትና ቀበሮ አደኗቸው። እንግዲህ ሰውን ማራቅ ብቻውን አራዊቱን እንዳላዳናቸው ልብ ይሏል።

ከተጎዱት አንዱ ማላ የሚባለው፣ ጥንቸል የሚያክል የካንጋሩ ዘመድ ነው። አናንጉዎች የቀድሞ አባቶቻቸውን ታሪክ ከማላ ጋር አያይዘው ስለሚናገሩ ይህ እንስሳ በእነርሱ ዘንድ ክቡር ነው። በአውስትራልያ ዋና ምድር በዱር የቀሩት ሁለት የማላ መንጋዎች ታናሚ በሚባለው በረሃ ይኖሩ ነበር። አንዱን በ1987 ቀበሮ ፈጀው፤ ሁለተኛውን በ1991 ሰደድ እሳት አጠፋው። ዘሩ ፈጽሞ ሳይጠፋ የቀረው አስቀድሞ ጥቂቶቹ ተይዘው በእንክብካቤ ይራቡ ስለ ነበር ነው።

በጥቅምት 26 ቀን 1985 የኡሉሩ መሬት ባለቤትነት በሕግ ለአናንጉዎች ተመለሰ። እነርሱም በዚያው ቀን መሬቱን ለ99 ዓመት ለመንግሥት የፓርክ መሥሪያ ቤት አከራዩ። ፓርኩን የሚመራው ቦርድ 12 አባላት ያሉት ሲሆን፣ 8ቱ አናንጉዎች የሚመርጧቸው ናቸው። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ምክር ሰጪ ብቻ ሳይሆኑ የመወሰን ሥልጣን ያላቸው ናቸው። ከአለቱ ላይ መውጣት ከጥቅምት 26 ቀን 2019 ጀምሮ የተከለከለውም በዚሁ ቦርድ ውሳኔ ነው።

በሥራው ላይ ሁለት ዓይነት ዕውቀት ይገናኛል። የሳይንስ ሰዎች ካርታ ያነሣሉ፣ እንስሳትን ይቆጥራሉ፣ መዝገብ ይይዛሉ። አናንጉዎች ደግሞ ዱካ ያነባሉ። ለምሳሌ ጃኩራ የሚባለው እንሽላሊት ከነቤተሰቡ ብዙ በር ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ይኖራል፤ ዐይነ ምድሩንም ሁሉም በአንድ ስፍራ ያስቀምጣሉ። ዱካ ዐዋቂዎች ይህን ስፍራ አይተው ጉድጓዱ ሰው አልባ ቤት መሆኑን ወይም ቤተሰብ ያለበት መሆኑን ይለያሉ። እሳቱም እንደ ጥንቱ በብርዱ ወራት በልክ ይለኮሳል። በ2005 ደግሞ ድመትና ቀበሮ የማያልፉት አጥር በ170 ሄክታር ላይ ታጥሮ ማላዎች ወደ ኡሉሩ ተመለሱ፤ በዚያም ተራብተዋል።

ይሁን እንጂ ስምምነት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ለጭነት የመጡት ግመሎች፣ መኪና ሲበዛ በበረሃው ተለቀው እጅግ ተራቡ፤ የውሃ ጉድጓዶችንም ያበላሻሉ። መንግሥት ከ2009 እስከ 2013 ብዙዎቹን አስገደለ። በመካከለኛው አውስትራልያ ካሉት የመሬት ባለቤቶች አንዳንዶቹ ግን ሥጋው ሜዳ ላይ የሚበሰብስ እንስሳ መግደልን ጠሉ፤ ተይዞ ቢሸጥ ይሻላል አሉ። እንዲህ ያለው ክርክር ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የተደረገ ነገር እንደማይጸና በ1958 የሆነው ሁሉ ያስተምራል።

ይህ ነገር ለእኛም የራቀ አይደለም። በ1966 የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የከረዩ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት የነበረ ምድር ነው፤ የሣርና የውሃ ክርክሩም ብዙ ዘመን ቆይቷል። ከክፍል ጓደኞቼ መካከል ነገ የአራዊት ጥበቃ ሹም የሚሆን ይኖራል። በተሾመበት ቦታ ሲደርስ ካርታውን ከመዘርጋቱ በፊት የአገሩን ሽማግሌዎች ጠርቶ ቢጠይቅ፣ ከዚያም በውሳኔው ላይ ድምፅ ቢሰጣቸው፣ አራዊቱም ሰዉም ይጠቀማሉ ብዬ አምናለሁ። የሽማግሌዎቹ ዕውቀት ግን በመጽሐፍ ስላልሰፈረ እነርሱ ሲያልፉ አብሯቸው ያልፋልና፣ ጥያቄው ሳይዘገይ መጠየቅ አለበት።