በሰው አገር ወዳጅ እንዴት ይገኛል?

ሊባኖስ የሚባለውን አገር በስሙ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዳዊት የደገመ ሰው የሊባኖስን ዝግባ ያስታውሳል። አገሩ በእስያ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳር ነው። ዋና ከተማው ቤሩት ይባላል። ዛሬ ቤሩትን የምናነሳው ግን ስለ ዝግባው አይደለም። ከየገጠሩ የሄዱ ብዙ ኢትዮጵያውያት እዚያ በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ። እንዴት ይኖራሉ? ከማን ጋር ይጫወታሉ? ሲታመሙስ ማን ይጠይቃቸዋል?

በእኛ በጋይንት አንድ ቤት ጧት ጭስ ካልወጣ ጎረቤት «ምነው፣ ምን ሆኑ?» ይላል። አዝመራ ሲደርስ ደቦ አለ። ሐዘን ሲመጣ እድር አለ። ቤሩት ግን ቤቱ ፎቅ በፎቅ ላይ ነው። በአንድ ሕንጻ ብዙ ቤተሰብ ይኖራል፤ በሩ ሁሉ ዝግ ነው። ሠራተኛዋ ማልዳ ተነሥታ ትጠርጋለች፣ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ሕፃን ታበላለች፣ ሽማግሌ ታስታምማለች። አሠሪዋን «ማዳም» ትላለች። ቋንቋው ዐረብኛ ነው። ሰዓቱ እንኳ ሌላ ነው፤ የእኛ ጧት አንድ ሰዓት እዚያ እንደ ወራቱ ስድስት ወይም ሰባት ይባላል።

ካፋላ የሚባል ሥርዓትም አለ። ዋስትና ማለት ነው። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ የሚወጣው በአሠሪዋ ዋስትና ነው። ስለዚህ ደሞዝ ቢከለክሏት ወይም ቢደበድቧት እንኳ፣ ያለ ፈቃድ ከቤቱ ከወጣች ሕገ ወጥ ትባላለች። በፈረንጆች 1946 የወጣው የአገሩ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ብዙ አሠሪዎች ፓስፖርቷን ይይዙባታል፤ በር የሚቆልፉባትም አሉ። እንደ ልጁ የሚያይ ደግ አሠሪም አይጠፋም። ግን የሰው ኑሮ በአንድ ሰው ደግነት ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ደኅና ነገር አይመስለኝም።

ታዲያ በር የተዘጋባት ሴት ወዳጅ ከየት ታገኛለች? ከሰገነት ነው። ሰገነት ማለት ከፎቁ ወደ ደጅ ወጣ ያለ በረንዳ ነው። ልብስ ልታሰጣ ትወጣለች። ማዶ ካለው ሕንጻ ሌላዋ ምንጣፍ ታራግፋለች። ይተያያሉ። «አበሻ ነሽ እንዴ? የየት አገር ልጅ ነሽ?» ይባላል። ከዚያ ወዲያ የሰገነቱ ሥራ አያልቅም፤ የታጠበው ልብስም እንደገና ይታጠባል! ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ደረጃው ላይ ስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ። የቆየችው አዲሷን ትመክራታለች፤ ዐረብኛውን፣ የማዳሟን ጠባይ፣ ደሞዝ እንዴት እንደሚጠየቅ። ጓደኛዋ የፊሊፒንስ ወይም የስሪላንካ ልጅ ብትሆንም በተሰባበረ ዐረብኛ ይግባባሉ።

የእረፍት ቀን የተፈቀደላት እሑድ እሑድ ትወጣለች። ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ትስማለች። ዶራ በሚባለው ሰፈር በርበሬና እንጀራ ይገኛል። ዕቁብ ይጥላሉ፤ የታመመች ካለች ያዋጣሉ። የጎንደሯ፣ የወሎዋና የወለጋዋ ልጅ እዚህ ቢሆን ላይተዋወቁ ይችሉ ነበር፤ እዚያ እህትማማች ይሆናሉ።

ይህ ወዳጅነት በ2012 ዓ.ም. ክፉኛ ተፈተነ። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ አሠሪዎች በዶላር መክፈል አቃታቸው። የኮሮና በሽታም ገባ። በግንቦትና በሰኔ ብዙ ኢትዮጵያውያት ከነሻንጣቸው በአሠሪዎቻቸው መኪና እየመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጣሉ። ሐምሌ 28 ቀን ደግሞ በወደቡ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን ገደማ አሞኒየም ናይትሬት፣ ያ ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚሆነው ነገር፣ ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በዚያ ጊዜ ከረዱት አንዱ «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለው ማኅበር ነው። በፈረንጆች 2017 የመሠረተችው ባንቺ ይመር ራሷ እዚያው የቤት ሠራተኛ ነበረች። ማኅበሩ ለተቸገሩት ምግብ አደለ፣ ማደሪያ ፈለገ።

ልጁን የሰደደ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው የደላላውን ስልክ ነው። ደላላው ደግሞ ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ስልክ ላያነሳ ይችላል። የጓደኛዋን ስም፣ ስልኳንና የሰፈሩን ስም ጠይቃችሁ በደብተር ላይ በእጃችሁ ጻፉ። ልጅቷ ሦስት ሳምንት ድምፅዋ ቢጠፋ፣ መብራቷ በርቶ እንደሆነ፣ ልብስ ተሰጥቶ እንደሆነ ከማዶው ሰገነት አይታ የምትነግራችሁ ያቺ ጓደኛዋ ናት።