ለጋሽና ተረጂ በአንድ ድረ ገጽ፦ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ድረ ገጽ ንድፍ ከነቀምቴ ሲታይ

የበጎ አድራጎት ድርጅት ድረ ገጽ ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው። አንዱ ለጋሹ ነው፤ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ሆኖ በሰፊ ስክሪን የድርጅቱን ዓመታዊ ሪፖርትና ፎቶግራፎች ይመለከታል። ሌላው ከነቀምቴ፣ ከጊምቢ ወይም ከደምቢ ዶሎ በእጅ ስልኩ ገብቶ ምዝገባው በየትኛው ቀን እንደሚካሄድ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግና ቢሮው የት እንደሚገኝ የሚፈልገው ነው። ድረ ገጽ ይታደስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን በጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ ስለሚገድብ ለመሰል ሥራ የሚተርፈው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ገቢ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ያደላል። በወለጋ ግን የንድፍ ስሕተት ዋጋውን የሚያስከፍለው ሁለተኛውን አንባቢ ነው።

የመጀመሪያው ዋጋ በሜጋባይት ይቆጠራል። የድረ ገጾችን ይዞታ የሚመዘግበው ኤችቲቲፒ አርካይቭ እንደሚያሳየው የአንድ መካከለኛ ገጽ ክብደት ከ2 ሜጋባይት በላይ ሆኗል። በዚህ ስሌት 100 ሜጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው 50 ገጽ እንኳ ሳይከፍት ጥቅሉ ያልቃል። ገጹ ወደ 200 ኪሎባይት ቢወርድ ግን በዚያው ጥቅል 500 ጊዜ ያህል ይከፈታል። ለዚህ የሚበቃው ተንሸራታች ፎቶግራፎችን ማንሣት፣ ቪዲዮ በራሱ እንዳይጀምር ማድረግና በስልኩ ላይ ባለው የግዕዝ ፎንት መጠቀም ነው። የመጨረሻው ቀላል ቢመስልም በመቶዎች የሚቆጠሩ የፊደል ቅርጾችን የያዘ ፎንት ከድረ ገጹ ጋር አብሮ መላክ ከላቲን ፎንት ይልቅ ይከብዳል።

ሁለተኛው ዋጋ በቋንቋና በአቆጣጠር ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ ንድፍ አውጪው ራሱ ላያየው ይችላል። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን የሚጻፈው በላቲን ቁቤ ነው። ረጅም አናባቢና የጠበቀ ተነባቢ ፊደል በመደጋገም ስለሚጻፉ ቃላቱ ይረዝማሉ፤ ለእንግሊዝኛ ቃል የተለካ ቁልፍም መጨረሻቸውን ይቆርጠዋል። ከዚህ የሚብሰው «ሁዻ» የሚባለው ጭረት ነው። ከፊደል በቀር ሌላ ምልክት አልቀበልም የሚል ቅጽ ስሙ ላይ ይህ ምልክት ያለበትን ሰው «ስምዎ ስሕተት ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

ስም በራሱ ሌላ ችግር ያስከትላል። «የቤተሰብ ስም» የሚል ቦታ ላይ አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ስም ይጽፋል፤ አንድ ሰው በሁለት ቀን ሁለት ልዩ ልዩ ሰው ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ከመፈናቀል በኋላ ዕርዳታ ለማግኘት ለሚመዘገብ ቤተሰብ ይህ ተራ የመረጃ ጥራት ጉዳይ አይደለም። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ በሦስት ቦታ መጠየቅ ይበቃል።

ቀንም እንዲሁ ነው። «10/1» የሚል የምዝገባ መዝጊያ ለአንዱ መስከረም 10፣ ለሌላው ጃንዋሪ 10፣ በአሜሪካውያን አጻጻፍ ደግሞ ኦክቶበር 1 ነው። አሥራ ሁለት ወር ብቻ የያዘ ዝርዝር በጳጉሜን የተወለደን ሰው ልደት አያስተናግድም። «8፡00» ተብሎ የተለጠፈ የጠዋት ስብሰባ ደግሞ የአገሩን ሰው ከቀትር በኋላ፣ ስድስት ሰዓት አርፍዶ ያመጣዋል። ስለዚህ ወሩ በስም፣ ሰዓቱም «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል፤ ከጌጥ ሁሉ ይህ ይቀድማል።

የመስመር መቋረጥ የንድፍ ጉዳይ ነው ቢባል የሚገረም ይኖራል። በወለጋ ግን ነው። ከታኅሣሥ 2012 መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም ድረስ በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ነበር። ሰርቪስ ወርከር የተባለው የብራውዘር አሠራር አንድ ጊዜ የተከፈተን ገጽ በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ መስመር በማይኖርበት ጊዜም ያሳያል። የቆየ መረጃ እንዳያሳስት ገጹ መቼ እንደተሻሻለ ከላይ መጻፍ አለበት። አድራሻና የቢሮ ቀን ያለበት ክፍል በአንድ ወረቀት የሚታተም ቢሆን ደግሞ በቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም።

ይህ ሁሉ ሠርቶ እንደሆነ የሚታወቀው በሙከራ ነው። ኒልሰንና ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ሞዴል አምስት ተጠቃሚዎች አብዛኛውን ችግር ያጋልጣሉ ለሚለው የታወቀ ምክር መነሻ ሆኗል። ምክሩ ግን ተጠቃሚዎቹ ተመሳሳይ ሲሆኑ የሚሠራ ነው። ለጋሽ፣ ተረጂና የመስክ ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ወገኖች ስለሆኑ ከእያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት ሰው ያስፈልጋል፤ የተረጂዎቹም ሙከራ አዲስ አበባ ባለ ቢሮ ኮምፒውተር ሳይሆን በራሳቸው ስልክ፣ በራሳቸው ቋንቋ መደረግ ይኖርበታል። ከእድሳቱ በኋላ የጎብኚዎችን ቁጥር መከታተል ብዙ አያስረዳም፤ በስልክ ላይ ተቀምጦ ሃያ ጊዜ የተነበበ ገጽ አንድ ጊዜ ብቻ ሊቆጠር ይችላልና። የተሻለው መለኪያ በነቀምቴው ቢሮ ስልክ አጠገብ በሚቀመጥ ደብተር ላይ «ምዝገባው መቼ ነው?» ብሎ የሚደውለውን ሰው ከእድሳቱ በፊትና በኋላ መቁጠር ነው።