የመካነ ሰላም ማር አውሮፓ ለመግባት ምን ይጠየቃል?

የአውሮፓ ኅብረት ማር የሚያስገባው በዝርዝሩ ላይ ስማቸው ከሰፈረ አገሮች ብቻ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከዚያ ዝርዝር ገብታለች። እናም ከደሴ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ በሚዘልቀው መንገድ መካነ ሰላም ዙሪያ ለሚቆረጠው ማር፣ በሕግ በኩል በሩ ክፍት ነው። ማሩ ግን በዚያ በር ለማለፍ ወረቀት ያስፈልገዋል። ይህን ወረቀት ብዙ ሰው የአዲስ አበባ ቢሮ ጉዳይ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የወረቀቱ ፍሬ ነገር የሚወሰነው መካነ ሰላም ባለችበት ቦረና ወረዳ ውስጥ፣ ቀፎው አጠገብ ነው እላለሁ። ቢሮው ማኅተም የሚያሳርፈው አናቢው አስቀድሞ በሠራው ወይም ባበላሸው ሥራ ላይ ነው።

ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አንዴ ተገኝቶ የሚያበቃ ፈቃድ አይደለም። አገሪቱ ከማሯ ናሙና እየወሰደች የመድኃኒት፣ የፀረ ተባይና የከባድ ብረቶች ቅሪት መኖር አለመኖሩን ትመረምራለች፤ ዕቅዷንና ውጤቱንም በየዓመቱ ለብራስልስ ታቀርባለች። የቻይና ታሪክ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባዋል። በማር ምርት የዓለም ቀዳሚ የሆነችው ይህች አገር፣ ማሯ ውስጥ ክሎራምፌኒኮል የተባለ አንቲባዮቲክ በመገኘቱ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ገበያ ተዘግቶባት ቆይቷል። ንጹሕ ማር የነበራቸው አናቢዎችም አብረው ከውጭ ቀሩ።

የእኛ አናቢ በአንቲባዮቲክ በኩል የሚሰጋበት ነገር ጥቂት ነው። አብዛኛው ሰው ለንብ መድኃኒት ሰጥቶ አያውቅም። ስጋቱ የሚመጣው ከጎረቤት ማሳ ነው። በመስከረምና በጥቅምት አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው ባቄላውና አተሩም ያብባል፤ ክሽክሽ ሲወርድበት ገበሬው መርጫውን ይሸከማል። ርጭቱ ረፋድ ላይ ከሆነ ንቧ አበባው ላይ እያለች ያገኛታል፤ ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ቢረጭ ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቱፎርዲ የተባለው አረም ማጥፊያ የነበረበትን ጀሪካን አጥቦ ማር መቅዳት ነው። ምንም ያህል ቢታጠብ ለማር መያዣነት መዋል የለበትም። አንድ እንዲህ ያለ ጀሪካን ከሌላው ሰው ማር ጋር በአንድ በርሜል ከተገላበጠ የሁሉም ልፋት ከንቱ ይሆናል፤ የማን እንደነበረ ካልተመዘገበ ደግሞ ጥፋቱን ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ገዢዎች እያንዳንዱ በርሜል ከየትኛው ቀበሌ፣ ከማን ቀፎ እንደመጣ የሚያሳይ መዝገብ የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ውኃ ነው። የኅብረቱ የ2001 የማር መመሪያ ከ20 በመቶ የበለጠ እርጥበት ያለውን ማር በአብዛኛው አይቀበልም፤ እንዲህ ያለው ማር ይቦካልና። እንጀራው ሳይከደን የተቆረጠ ማር እርጥበቱ ከዚህ በቀላሉ ያልፋል። ልምድ ያላቸው አናቢዎች ከ4 እጅ 3ቱ በሰም እስኪታሸግ የሚጠብቁት ያለ ምክንያት አይደለም። በባህላዊ ቀፎ ግን መጠበቁ ብቻ አይበቃም፤ እጩ፣ አበባ ዱቄቱና ማሩ ተቀላቅሎ እንዳይወጣ እንጀራውን እየለዩ መቁረጥ ያሻል። የኩበት ጢስ ሲበዛበትም ሽታው ማሩ ውስጥ ይቀራል።

የረጋውን ማር እሳት ዳር አስቀምጦ ማቅለጥም ዋጋ ያስከፍላል። ሙቀት ኤችኤምኤፍ የሚባል ውህድ ይፈጥራል፤ ልኩ በኪሎ 40 ሚሊግራም ሲሆን ከሞቃት አገሮች ለመጣ ማር 80 ይፈቀዳል። ይህ ቁጥር ማሩ መሞቁን ወይም መክረሙን ያጋልጣል። እርጥበቱን ግን ላቦራቶሪ ሳይደርስ ማወቅ ይቻላል፤ ሪፍራክቶሜትር የሚባለው በእጅ የሚያዝ መለኪያ በአንድ ጠብታ ማር ይነግረናል። መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለባት። የወረዳውን ማር ከገበያ በፊት መለካት ለእንዲህ ያለ ተቋም ከባድ ሥራ ባይሆንም፣ ለአናቢው የሚሰጠው ጥቅም ትልቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወረቀቱ የሚመጣው። ናሙናው ዕውቅና ባለው ላቦራቶሪ ይፈተሻል። ማር ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚቆጠር የጤና ሰርተፍኬቱን የሚፈርመው የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ነው። የትውልድ አገር ማስረጃም አለ፤ ጥቅሙ በገንዘብ ይለካል። የአውሮፓ መደበኛ የማር ቀረጥ 17.3 በመቶ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ከመሣሪያ በቀር ለሁሉም ዕቃ በተሰጠው እጅግ ያላደጉ አገሮች ዕድል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከቀረጥ ነጻ ታስገባለች፣ ማሩ የኢትዮጵያ መሆኑ ከተረጋገጠ።

እውነቱን ለመናገር፣ የአገር ውስጡ ገበያ ይህን ሁሉ አይጠይቅም። አብዛኛው ማራችን ጠጅ ይሆናል፤ ጠጅ ጣይ ሰፈፉንም እርጥቡንም ይገዛል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከዓለም ገበያ አያንስም። ተራ ማርን በበርሜል ለመላክ መድከም ለአናቢው ላያዋጣው ይችላል። እኔ ተስፋ የማደርገው በኦርጋኒኩ ማር ነው፤ ምክንያቴም የአገሩ መልክዓ ምድር ነው።

የኦርጋኒክ ሕጉ ቀፎው በቆመበት ዙሪያ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ ንቧ የምትቀስመው በዋናነት የዱር ዕፅ ወይም ኬሚካል ያልነካው ሰብል እንዲሆን ይጠይቃል። ይህን በታረሰ ሜዳ ላይ ማሟላት ጭንቅ ነው። አስታው፣ ኮሶው፣ ጅብራው ያልጠፋበት የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አዋሳኝ ግን ብዙ ቦታ የማያገኘው ዕድል አለው። ደኑን መጠበቅና ማሩን ማስመስከር እዚያ አንድ ሥራ ይሆናሉ።

ወጪው ለአንድ ገበሬ አይቻልም፤ ለማኅበር ግን ይቻላል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ሕግ፣ ሕጋዊ ሰውነት ያለው፣ ከ2,000 የማይበልጡ አነስተኛ አምራቾች የተሰባሰቡበት ቡድን በአንድ ሰርተፍኬት እንዲታቀፍ ይፈቅዳል። ቡድኑ የራሱ ተቆጣጣሪ ኖሮት እያንዳንዱን አባል በየዓመቱ እየጎበኘ ያየውን ይመዘግባል፤ የውጭው ኦዲተር የሚመጣው ያ መዝገብ መኖሩንና እውነት መሆኑን ሊያጣራ ነው። ሰርተፍኬቱ ግን ዛሬ ተመዝግበው ነገ የሚወስዱት አይደለም። የሽግግሩ ጊዜ 1 ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት ውስጥም የቀፎው ሰም በኦርጋኒክ ሰም መተካት አለበት። ዘንድሮ መስከረም ላይ መዝገቡን የጀመረ ማኅበር በኦርጋኒክ ስም የሚሸጠው የመጪውን ዓመት የአደይ ማር ነው።