ሐኪሙ የሚያነበውን እኛስ?

በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው ዋጃ ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ ወባም ይነሳል። ልጇን ከጤና ጣቢያ ይዛ የምትመለስ እናት ሁለት ዓይነት ክኒን ሊሰጣት ይችላል፦ ለሦስት ቀን የሚወሰድ ክሎሮኪንና ለ14 ቀን የሚቆይ ፕሪማኪን። ትኩሳቱ ለቆት ኳስ ሲያሳድድ ያየች እናት «ታዲያ ይህ ሁሉ ክኒን ለምን?» ብትል አይፈረድባትም።

መልሱ ተጽፏል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተውሳክ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያገረሻል፤ ፕሪማኪን የሚሰጠው ይህንኑ ድብቅ ለማጥፋት ነው። እርጉዞችና ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት አይወስዱትም። ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸውም ቀይ የደም ሕዋሳቸው ሊፈርስ ስለሚችል አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

እንዲህ ያሉ ጥናቶች የሚፈለጉበት ትልቁ ቋት ፐብሜድ ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በሰኔ 1989 ዓ.ም. ለማንም ሰው በነፃ ከፈተው፤ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች አሉት። የጥናቶቹ ማጠቃለያ በነፃ ይነበባል። ሙሉው ጽሑፍ ግን ብዙ ጊዜ ይሸጣል፤ የአንዱ ዋጋ በአሥር ዶላሮች ይቆጠራል፣ ማለትም የአስቤዛ ገንዘብ ነው። ደግነቱ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ መጽሔት ሙሉ ጽሑፎቹን ያለ ክፍያ ያስነብባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ1994 ዓ.ም. የጀመረው ሂናሪም አለ። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ለተመዘገቡ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ መጽሔቶችን በነፃ ይከፍታል። የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ግን ለተቋም ነው፤ የዋጃዋ እናት በስሟ ልትጠይቅ አትችልም። በእኔ እምነት ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበቤው በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት አለለት፤ በየወረዳው ከተማ ግን ለሕዝብ ክፍት የሆነ አንድ ኮምፒውተርና ፍለጋውን የሚያሳይ አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ቢኖር እንኳ ብዙ ነበር።

እስከዚያው ስልክዎ ላይ መጀመር ይችላሉ። ያው ተቋም ለቤተሰብ ያዘጋጀው ሜድላይንፕላስ ቀለል ባለ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ የአማርኛ ገጾችም አሉት። ፐብሜድ ላይ ሲፈልጉ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም ጽፈው «ኢትዮጵያ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ይጨምሩ። ጥናቱ በሰው ላይ ይሁን በአይጥ፣ በስንት ሰው ላይ እንደተደረገም ይመልከቱ (ርዕሱ ብቻ ብዙ ሰው አስደንግጧል)። ያልገባዎትን ጽፈው ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲ ባለሙያው ያሳዩ፤ ክኒኑን ግን መልሱን እስኪያገኙ በራስዎ አያቋርጡ።