ያውቁ ኖሯል? የስሜን ተራሮች በእግር ሲታዩ

ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ደባርቅ ተነሥቶ፣ ቀን እየተጓዘ ሌሊት በድንኳን እያደረ፣ ሰው በእግሩ የኢትዮጵያን ከፍተኛ ቦታ መርገጥ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? የተለመደው መስመር በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅና በአምቢቆ እያሳደረ ራስ ደጀን ያደርሳል። መኪና ከሳንቃበር ጨነቅ ይገባል፤ ግጭንና እሜት ጎጎን ግን ይዘላቸዋል። 3,926 ሜትር ላይ የተንጠለጠለችው እሜት ጎጎ በሦስት ጎኗ ገደል ነው። ስሜንን አየሁ ለማለት እዚያ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይገባል ባይ ነኝ።

እነዚህ ገደሎች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት የፈጠራቸው መሆኑንስ? ዝናብና ወንዝ ቀሪውን ሸርሽረው ጠርበውታል።

ስሜን እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ መጀመሪያ ከሰፈሩት 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ላሊበላ፣ የጋላፓጎስ ደሴቶችና የሎውስቶን የዚያው ዓመት እኩዮቹ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተርታ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ለዚህ ውጤት ዋጋ የከፈሉ አሉ፤ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ከአባቶቻቸው ቀዬ ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። ለምለሙን የግጭ ሜዳ የሚያደንቅ መንገደኛ እነሱንም ቢያስብ ደግ ነው።

በመንገዱ ላይ ከሁሉም አብልጦ የሚያስቆመው ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። በሌላ አገር አይገኝም፤ ዘመዶቹ ሁሉ ጠፍተው ከወገኑ የቀረ እሱ ብቻ ነው። ዋና ምግቡም ሣር ነው። ጠጋ ብለው ይመልከቱት፦ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ሣሩን እየነጨ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል፤ ፊቱ ያለው ሲያልቅም ሳይነሣ በመቀመጫው ፈቀቅ ይላል። የሌሎች ዝንጀሮዎች ቀይ ምልክት ከኋላቸው ሲሆን የእሱ ደረቱ ላይ ነው፤ ቀኑን ተቀምጦ ለሚውል እንስሳ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሲመሽ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይወርድና ነብርም ጅብም በማይደርስበት ጠርዝ ላይ ያድራል።

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድናችን በስሙ የሚጠራበት ዋልያ በዓለም ላይ ከስሜን ሌላ መኖሪያ የለውም። የወንዱ ቀንድ ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። በጨነቅ በማለዳ ገደሉን በትዕግሥት የቃኘ ሰው ሊያየው ይችላል። ቀይ ቀበሮን ማየት ግን ዕድል ነው፤ በመላው አገሪቱ የቀረው ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል።

ጅብራ የተባለው ተክልስ? ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበዛ ይኖርና አንድ ጊዜ ከሰው ቁመት በላይ አበባውን አንሥቶ፣ ዘሩን በትኖ ይደርቃል።

አድካሚውን ቀን ብዙዎች ራስ ደጀን የሚወጣበት ይመስላቸዋል። እኔ ከጨነቅ አምቢቆ የሚኬድበትን አስቀድማለሁ፦ በቧሂት በኩል 4,200 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ወደ መሸሃ ወንዝ 2,800 ሜትር ገደማ ይወረዳል፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ዳገት ነው። ራስ ደጀን በቆዩ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ይገኛል፤ ዛሬ የሚጻፈው 4,550 ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመረዎት ወደ ላይ አይግፉ፤ ከባሰ ደግሞ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

በስሜን በረዶ መኖሩን የሚናገር እጅግ ጥንታዊ ጽሑፍ እንዳለስ ያውቁ ኖሯል? በጥንቱ የአዱሊስ ወደብ በነበረ ዙፋን ላይ የተቀረጸ የአንድ የአክሱም ንጉሥ የድል ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰምጥበት በረዶ ወደ ተሸፈነው የስሜን ተራራ መዝመቱን ያወሳል። ዙፋኑ ጠፍቷል፤ ቃሉ የተረፈው ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዘመን ስለ ገለበጠው ነው።

ደጃዝማች ካሣ ኃይሉም የስሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት እዚሁ ስሜን፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ነው።

ለመሄድ ካሰቡ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ገና አረንጓዴ የሆነበትን ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ያለውን ጊዜ ይምረጡ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሰላም ደባርቅ ከሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። መንገድ መሪውንም በቅሎውንም ከአካባቢው ሰው ይከራዩ፤ ለጭላዳ ግን ዳቦ አይወርውሩ።