«መኪናህን አንሣልኝ» ማለት የማን ሥራ ነው?

ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ጀሞ፣ ሰሚት፣ ጎፋ ወይም የካ አባዶ ካሉት የጋራ መኖሪያ ግቢዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው የሚያየው ነገር ተመሳሳይ ነው። በብሎኮቹ መካከል ባለው ጠባብ መንገድ መኪኖች ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ከኋላ የመጣው የፊተኛውን ዘግቶ ቆሟል፤ አንዱ የእግረኛ መሄጃው ላይ ወጥቷል፤ ሌላው የደረጃውን መግቢያ ይዟል። የሚያልፈው ነዋሪ ሁሉ ያየዋል። አንዳንዱ ያጉረመርማል፣ አንዳንዱ ጥበቃውን ይጣራል፣ አብዛኛው በጎን ተሸሽጎ ያልፋል። የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ ደግሞ ሁሉም ያውቃል፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው፣ እድር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ይናገሩት ወይስ ይለፉት? ጥያቄው መኪናን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ቆሻሻ ከገንዳው ውጭ የሚጥል፣ እጣቢ ከበረንዳ የሚደፋ፣ አሸዋና ብሎኬት በእግረኛ መንገድ ላይ ከምሮ ወር የሚያስቆይ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሙዚቃ የሚያስጮኽ፣ የጋራውን ኮሪደር በብረት በር ዘግቶ ዕቃ ቤት የሚያደርግ አለ። ደንብ መጣሱ ግልጽ ነው፤ ወንጀለኛ ብሎ ለመጥራት ግን አፍ አይሞላም። ፖሊስ ለመጥራት ያንሳል፣ ችሎ ለመኖር ይበዛል።

በመኪናው ጉዳይ አንድ ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በ1997 ዓ.ም. ገደማ በስፋት ሲጀመር የታሰበው ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ነዋሪ ነበር። ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በዓል ሲመጣ በግ የሚታረድበት፣ ነዋሪው «ኮሚናል» የሚለው ቤት በየግቢው ተሠራ፤ ለመኪና የተተወው ቦታ ግን ጥቂት ነበር። ከዚያ ቤቱ ተሸጠ፣ ተከራየ፣ ነዋሪው ተለወጠ፣ ባለ መኪናው በዛ። ስለዚህ ማታ ደክሞት ገብቶ መቆሚያ ያጣ ሰው ሁሉ ደንታ ቢስ አይደለም። ቦታው በእርግጥም የለም። ይህን ሳያስብ የሚናገር ጎረቤት ገና አፉን ሲከፍት ተሳስቷል።

«በሰው ነገር አትግባ» የሚለው ምክር ዛሬ የቆየ ባህላችን መስሎ ይነገራል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። በጥንቱ የዳኝነት ልማድ የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጠራ የተጠራው መቆም ነበረበት። በመንገዱ የሚያልፍ ጨዋ ሰው የመንገድ ዳኛ እንዲሆን ይለመናል፤ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ይሰማል፣ ሊያስታርቅ ይሞክራል፣ ካልሆነለት ወደ በላይ ዳኛ ይመራቸዋል። ወደዚያ ሲሄዱ ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ ተቋጥረው፣ ተቆራኝተው ይጓዙ ነበር። አገራችንን ያዩ የውጭ ተጓዦች ይህን ተገርመው ጽፈውታል። ጥፋተኛው ያልታወቀ ከባድ ወንጀል ሲሆን መንገዱ ይለያል፤ አገሬው በአውጫጭኝ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ አይበተንም። የዕለት ተዕለቱ ጠብና በደል ግን ፊት ለፊት የሚያልቅ ነበር።

ያ ሥርዓት ጉድለት አልነበረውም ለማለት አይደለም፤ ደካማው ከጉልበተኛው ጋር ተቋጥሮ መሄዱ ምን ያህል ፍትሕ እንደሚያስገኝለት መጠየቅ ይቻላል። እኔን የሚስበኝ ግን ከሳሹ የሚከፍለው ዋጋ ነው። ፊቱን አሳይቶ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ ሥራውን ፈትቶ አብሮ ይሄዳል። ክሱ ሐሰት ቢሆን የሚያፍረው እሱ ነው። መናገር ክብር የነበረው ተናጋሪው ከኋላ ስላልተሸሸገ ይመስለኛል።

ይህ በ1967 ዓ.ም. ተለወጠ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራጀ፤ ቀበሌ የምንለው ከዚያ ተወለደ። መጀመሪያ ላይ ሥራው ቤት ማስተዳደር፣ ሰፈር ማጽዳት፣ በፍርድ ሸንጎ ትንንሽ ክርክሮችን ማየት ነበር። የአጥር፣ የፍሳሽና የስድብ ጠብ ከሰፈር ሳይወጣ መዳኘቱ ጠቃሚ ነገር ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ያው ቀበሌ የአብዮት ጥበቃ ጓድ ይዞ ቤት ፈታሽና አሳሪ ሆነ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ከጎረቤት የወጣች አንዲት ጥቆማ ስንቱን ወጣት ለእስርና ለሞት ዳርጋለች። ማን እንደጠቆመ ያልታወቀበት ቤት ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ጎረቤት ተጠረጠረ። በኢሕአዴግ ዘመንም «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀት እስከ ቤተሰብ ደጅ ሲወርድ፣ የሰፈር ዓይን የመንግሥት ዓይን ነው የሚለው ፍርሃት እንደገና ታደሰ።

እንግዲህ አንዲት እናት ልጇ ስለ ጎረቤት መኪና ለደንብ አስከባሪ ሊደውል ሲነሣ «ተው ልጄ፣ ሰው አታስይዝ» ብትለው ፈሪ ሊሏት አይገባም። የምትናገረው ያየችውን ነው። «ጆሮ ጠቢ» የሚለው ስድብ በዚህ አገር የክፉ ዘመን ትዝታ አለበት፤ ዛሬ ዜጎች ደንብ ሲጣስ ያመልክቱ ብሎ የሚቀሰቅስ የመንግሥት አካል ሁሉ ይህን ቁስል እየነካ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

ሕጉስ? ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነገር ይጠይቃል፤ ከሚገምተው ያነሰም ይፈቅዳል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 11 ለማንኛውም ሰው፣ ድርጊቱን በዓይኑ ባያየውም እንኳ፣ ስለ ወንጀል መፈጸም የማመልከት መብት ይሰጠዋል። መብት እንጂ ግዴታ አላደረገበትም። አለማመልከት በራሱ የሚያስቀጣው እንደ ሞትና ዕድሜ ልክ እስራት ያለ ቅጣት ላላቸው እጅግ ከባድ ወንጀሎች ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 443 ይህን ይደነግጋል። ተራ ሰው ሌላውን ያለ ማዘዣ መያዝ የሚችለው ደግሞ ወንጀሉ እጅ ከፍንጅ ሲሆንና ቢያንስ የሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን እንደሆነ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 50 ወስኗል። መኪና ያለ ቦታው ማቆም እዚያ አይደርስም። እንግዲያው ነዋሪ የጎረቤቱን መኪና በድንጋይ አጥሮ «አትወጣም» ቢል፣ ጎማ ቢያስተነፍስ፣ መስተዋት ቢሰብር፣ ራሱ በሕግ ተጠያቂ ይሆናል። መቅጣት የትራፊክ ፖሊስ ሥራ ነው።

የፍትሐ ብሔር ሕጉም በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ስለ ጉርብትና ዝም አላለም። አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ንዝረት ከመልካም ጉርብትና ልክ አሳልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ልኩን በቁጥር አላስቀመጠም፤ መልካም ጉርብትና ራሱን መለኪያ አደረገ። ለጋራ ሕንፃዎች ደግሞ አዋጅ ቁጥር 370/1995 አለ። በአዋጁ መሠረት የቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ ንብረቱን ያስተዳድራል፤ መንገዱ፣ ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው በኃላፊነቱ ሥር ነው። በወረቀት ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖረው ሰው «መኪናህን አንሣ» የሚለው አካል አለ ማለት ነው። በተግባር ግን ኮሚቴው ከጥበቃ ደመወዝና ከውኃ ፓምፕ ጥገና አልፎ ለደንብ ጊዜ የለውም፤ የኮሚቴው አባል ራሱ ጎረቤት ነው፣ እሱም ይሉኝታ አለበት። ትራፊክ ፖሊስ ግቢው ውስጥ ገብቶ ሲቀጣ ብዙም አይታይም። ጉዳዩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገፋ ያ መናገር ያልፈለገው ነዋሪ ብቻውን ይቀራል። በእኔ እምነት የነገሩ ሥር እዚህ ነው። ጎረቤት ከጎረቤት የሚጋፈጠው ሊጋፈጥ የሚገባው አካል ቦታውን ሲተው ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት በስልክ ካሜራ ሊሞሉት ሞክረዋል። ከሁሉ የሚያስተምረው የደቡብ ኮሪያ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የትራፊክ ጥሰት ፎቶ አንሥቶ ላመጣ ዜጋ ገንዘብ መክፈል ጀመረች፤ ጥሰት እያደኑ ፎቶ ማንሣትን ሥራቸው ያደረጉ ሰዎች ስለበዙ ሁለት ዓመት ያህል ቆይታ ተወችው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2017 ግን ጄቾን በምትባል ከተማ በአንድ ሕንፃ ላይ እሳት ተነሥቶ 29 ሰዎች ሞቱ። የእሳት አደጋ መኪኖቹ በመንገዱ ላይ ያለ ቦታቸው በቆሙ መኪኖች ምክንያት በጊዜ መጠጋት አልቻሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 አገሪቱ ወደ ዜጎች ጥቆማ ተመለሰች፤ በዚህ ጊዜ ግን ያለ ሽልማትና በጠባቡ። የእሳት ማጥፊያ ውኃ መቅጃ አጠገብ፣ መስቀለኛ መንገድ ጥግ፣ የአውቶቡስ ፌርማታና የእግረኛ ማቋረጫ፤ እነዚህ አራት ቦታዎች ላይ የቆመን መኪና አንድ ሰው አንድ ደቂቃ አራርቆ በሁለት ፎቶ ሲያሳይ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቦታው ድረስ መምጣት ሳያስፈልገው ለመኪናው ባለቤት ቅጣቱ ይጻፋል። በኋላ ሌሎች ቦታዎች ተጨመሩ። ከገንዘብ አዳኝነት ወደ ሕይወት ጥበቃ የተደረገው ይህ መሸጋገር ብዙ ነገር ይነግረናል።

ጀርመን ውስጥ ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሷል። በእግረኛና በብስክሌት መንገድ ላይ የቆሙ መኪኖችን ፎቶ ለፖሊስ የላኩ ሁለት ዜጎች የግል መረጃ ጥበቃን ጥሳችኋል ተብለው ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው፤ የአንስባኽ አስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ለዜጎቹ ፈረደ። ኒው ዮርክ ደግሞ ሞተር ሳያጠፉ የሚቆሙ የጭነት መኪናዎችንና አውቶቡሶችን የሚያስመዘግብ ሰው ከቅጣቱ 25 በመቶ እንዲያገኝ አድርጋለች። የአየር ብክለትን ለመቀነስ ጠቅሞ ይሆናል፤ ሰፈር ውስጥ ግን ከጎረቤት ቅጣት ድርሻ መውሰድ ጉርብትናን ያፈርሳል ብዬ አምናለሁ።

ካሜራ የሌለበት ቦታስ ሰዎች ምን ያደርጋሉ? ሉካስ ባላፉታስና ኒኮስ ኒኪፎራኪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በአቴንስ ዋና የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሰው አሰማርተው ሆን ብለው ደንብ ሲያስጥሱ፣ ከአላፊ አግዳሚው አብዛኛው ምንም አላለም፤ ግጭት ይመጣል ብሎ ፈራ። በኋላ በጀርመን በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት የታየው ደግሞ ለእኛ የበለጠ ይቀርባል፤ ሰዎች ጥፋተኛውን ፊት ለፊት ከመገሠጽ ይልቅ ቆይቶ ዕቃው ሲወድቅበት ሳያነሡለት ያልፋሉ። እኛ ሰፈር ይህ ኩርፊያ ይባላል። ሰላምታ ይቀንሳል፣ ቡና አይጠራሩም፣ ልጆች አብረው እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ፤ ባለ መኪናው ግን ለምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም። ዝም ማለት ሰላም ያቆያል የሚለው አስተሳሰብ ይህን ሒሳብ ውስጥ አያስገባም። ያልተነገረ ቅሬታ ዓመት ሙሉ ይጠራቀምና በአንድ ምሽት በአንድ መኪና ይፈነዳል፤ በዚያ ሰዓት የሚነገረው ደግሞ ስለ መኪና አይሆንም፤ ስለ ዘር፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ድህነት ይሆናል።

ሁሉም ሰው እኩል መናገር አይችልም። ብቻዋን የምትኖር ሴት ማታ ከማታውቀው ወንድ ጋር ደረጃ ላይ እንድትከራከር መምከር ኃላፊነት የጎደለው ምክር ነው። የመንግሥት ታርጋ የለጠፈ ሹም ያቆመውን መኪና የሚያስነሣ ተራ ነዋሪም ጥቂት ነው። ከሁሉ የባሰው የተከራይ ነገር ነው። በብዙ ግቢ ተከራዩ ቁጥሩ ቀላል አይደለም፤ ማኅበሩ ግን የባለቤቶች ስለሆነ ድምፅ የለውም፣ ከተናገረም «አንተ ማን ነህ? ነገ ትወጣለህ» ይባላል።

የእኔ አቋም እነሆ። የሰው ሕይወት የሚነካውን፣ ማለትም አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና የሚያልፍበትን መዝጋትን፣ የዊልቸር መውጫ መያዝን፣ ልጆች ወደ አስፋልት እንዲወርዱ የሚያስገድድ አቁማመጥን፣ ያየ ሰው ባለቤቱን ካጣው ወይም እንቢ ካለው ወዲያው ለሚመለከተው አካል ይንገር፤ ይህ ማሳበቅ አይደለም፣ ነውርም የለበትም። የቀረው ሁሉ፣ ጎረቤትን የሚያስመርር እንጂ የማይገድለው ነገር፣ መጀመሪያ ለባለቤቱ ለራሱ ይነገር። ማታ በንዴት ሳይሆን በማግሥቱ፤ በቴሌግራም ግሩፕ የታርጋውን ፎቶ ለጥፎ ሳይሆን በሩን አንኳኩቶ፤ «ወንድሜ፣ ትናንት እናቴን ወደ ሐኪም ቤት ሳወጣ ተቸገርኩ» ብሎ። መናገር የከበደው ሰው አንድ ትልቅ ሰው ወይም የእድሩን ዳኛ ይዞ ቢሄድ ከድሮው የመንገድ ዳኛ ብዙ አይርቅም።

ማኅበሮቹም መሬት ላይ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ውድ አይደለም። አንድ ባልዲ ቀይ ቀለም ተገዝቶ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያው ይቀባ፣ የየመኪናው ታርጋና የባለቤቱ ስልክ በጥበቃ ቤት ይመዝገብ፣ ማታ የመጀመሪያውን ስልክ የሚደውለው ጥበቃው ይሁን፣ በማኅበሩ ስብሰባ ላይም ለተከራዮች ቢያንስ የመናገር ወንበር ይሰጣቸው፤ መንገዱ ሲዘጋ የሚሰናከሉት እነሱም ናቸውና።