አፍንጫን የሚያፈስሰው ሁሉ አለርጂ ነውን?

በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ወደ መማሪያ ክፍል ስገባ መሐረብ ከእጄ አይለይም ነበር። ለትምህርት በሰሜን አውሮፓ ሳለሁ የጸደይ ወራት የበርች ዛፍ ብናኝ ዓይኔን እያሳከከ ያስነጥሰኝ ስለ ነበር፣ ያው አለርጂ አገር ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጣ ብዬ ደመደምሁ። ወዳጆቼ ደግሞ «ሳይነስ ነው» አሉኝ። ክሎርፌኒራሚን ስውጥ ከረምሁ፤ ያተረፍሁት ግን በተማሪዎቼ ፊት ማንቀላፋትን ነው።

አለርጂ የሚባለው የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ጉዳት የሌለውን ነገር እንደ ጠላት ሲቈጥረው ነው። ለአበባ ብናኝ፣ በአቧራ ውስጥ ለሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት ወይም ከድመት ቆዳ ለሚረግፍ ብናኝ የተዘጋጀው አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል በማስት ሕዋሶች ላይ ተለጥፎ ይጠባበቃል፤ ብናኙ ሲደርስ ሕዋሶቹ ሂስታሚን ይለቃሉ። ስለዚህ የአፍንጫና የዓይን ማሳከክ፣ ተደጋጋሚ ማስነጠስና እንደ ውሃ የቀጠነ ፈሳሽ አብረው ይመጣሉ።

አለርጂ ያልሆነው ዐይነት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ ይጀምራል፤ ማሳከኩም እምብዛም ነው። ቀስቃሾቹ ቀዝቃዛ አየር፣ ጢስ፣ ሽቶ፣ የሚያቃጥል ምግብ፣ እርግዝና፣ እንዲሁም አፍንጫ የሚከፍቱ ርጭቶችን ያለ ልክ መጠቀም ናቸው። የቅዝቃዜው ነገር ለፊዚክስ ሰው ግልጽ ሊሆንለት በተገባ ነበር። በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በእርጥበት የተሞላ አንድ ሜትር ኩብ አየር 9 ግራም ያህል፣ በ37 ዲግሪ ግን 44 ግራም ያህል የውሃ ተን ይይዛል። ልዩነቱን በአብዛኛው የሚሞላው አፍንጫ ነው፤ ወደ ውጭ ስንተነፍስም ከተኑ ከፊሉ በቀዘቀዘው የአፍንጫ ጫፍ ላይ ወደ ውሃነት ይመለሳል።

ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው የቆዳ ምርመራ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ብላክሊ የአበባ ብናኝን በገዛ ቆዳው ላይ ሞክሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1873 አሳትሟል። ዛሬ የተጠረጠረው ነገር ጠብታ በክንድ ላይ ይደረግና ቆዳው በስሱ ይወጋል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ እብጠት ከታየ ሰውነት አይጂኢ እንዳዘጋጀ ያሳያል። ፀረ ሂስታሚን ውጤቱን ስለሚሸፍን ሐኪሙ በሚያዝዘው መሠረት አስቀድሞ መቋረጥ አለበት።

የእኔ ክንድ ያበጠው ለበርች ብቻ ነበር። በርች ግን በመኖሪያዬ አካባቢ የለም! ምርመራው እውነት ቢናገርም የኅዳሩ ጥፋተኛ ቅዝቃዜ ነበር። ስለዚህ ውጤቱ ከበሽተኛው ታሪክ ጋር ካልተገናዘበ ያሳስታል፤ ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ሰው ላይ ሊገኙም ይችላሉ። ክኒኑን ትቼ ማለዳ አፍንጫዬን በሻርፕ መሸፈን ጀመርሁ።

በመጨረሻም፣ ከአንድ ወገን ብቻ የሚወርድ ጥርት ያለ ፈሳሽ፣ በተለይ ከራስ ጉዳት በኋላ፣ ወይም ደም የቀላቀለ ፈሳሽ ሲታይ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።